የልጅ መርዶ

ጅጋ ገበያ ላይ አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ አለች፤ እኔን ከሩቅ ካየች ልጇን ወደ ጉያዋ ትሰበስባለች። ጠልታኝ አይደለም። ሰላምታዋ ሞቅ ያለ ነው፣ ምርቃትም አትሰስትብኝም። ግን «አያ እንየው የገቡበት ቤት ልጅ ያለቅሳል» የሚል ወሬ በወረዳው ተሰራጭቶ ስሜ ከመርዶ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ባለፈው ሰኔ ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው ሸኙኝ። በሚቀጥለው ገበያ ጅጋ ሄድኩና «ከእንግዲህ ልጅሽን ልቀቂያት፤ ጡረታ ወጥቻለሁ» አልኳት። ሳቀችና «ኧረ ይተዉ አያ እንየው! እንዲህ ያለው ሥራ ደግሞ ጡረታ አለው?» አለችኝ።

ወሬው እውነትም ውሸትም አለበት። ሥራዬ እናት ወይም አባት የሞተባቸውን ልጆች ቤታቸው ድረስ ሄዶ ማገዝ ነበር። ልጆቹ ማልቀሳቸው እውነት ነው። መርዶውን የምነግረው እኔ ነኝ መባሉ ግን ውሸት ነው፤ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ለአንድም ልጅ መርዶ ተናግሬ አላውቅም። ለምን መናገር እንደሌለብኝ ያስተማሩኝ ወይዘሮ ይታይሽ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከጡረታ በፊት የነበረው የመጨረሻ ሥራዬም እዚያው እሳቸው ቤት ሆነ። እሳቸው ሲያርፉ፣ ከሕፃንነቷ ጀምረው ላሳደጓት የልጅ ልጃቸው «እምየ ሞታለች» ብሎ የሚነግራት ሰው ጠፋ። ይህን የምጽፈው ያ ነገር ከልቤ ስላልወጣ ነው።

ስጀምር የሒሳብ መምህር ነበርኩ፣ እዚያው ጅጋ። ልጅ ሲያለቅስ ከረሜላ ከመግዛት በቀር ሌላ ዘዴ አላውቅም። ወረዳው የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ፈለገና ፍኖተ ሰላም አዛወሩኝ። ደመወዙ ያው ነው፤ የሚሞላው ወረቀት ግን በዛ። ወይዘሮ ይታይሽ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ማኅበራዊ ሥራ የተማሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ እርምጃቸው ፈጣን፣ በበጋም በክረምትም ጥቁር ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሴት ናቸው። ጃንጥላው ለዝናብ ሳይሆን ለውሻ ነው ይላሉ፤ እውነትም የገበሬ ውሻ ሁሉ ያውቃቸው ነበር። የመጀመሪያው ቀን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣

«መምህር ነህ አሉ» አሉኝ።

«አዎ፣ እትየ።»

«መምህር ሲናገር የሚውል ሰው ነው። እዚህ ዝም ማለት ትለምዳለህ። ነገ ቡሬ እንሄዳለን፤ የማይረባ ሱሪ ልበስ።»

ሱሪው ለምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ስንደርስ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ የአዊ ቤተሰብ ነበር፤ እርስ በርሳቸው በአዊኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። የቤቱን ጎልማሳ መብረቅ ገድሎታል። ዝናሽ የምትባል ልጁ የዘጠኝ ዓመት ገደማ ትሆናለች። አክስቷ እንዳትደነግጥ ብላ «አባትሽ ተኝቷል» ብላታለች። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ እንቅልፍ እምቢ አለች። ቤተሰቡ ቡዳ ነው እያለ ሲጨነቅ ሰነበተ።

ስንደርስ ዝናሽ ደጅ ላይ የተሰጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች። እኔ ወንበር ፈለግኩ። ወይዘሮ ይታይሽ ግን ጃንጥላቸውን አጠፉና ከልጅቱ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ፊት ለፊቷ ሳይሆን ጎኗ። ሰላምታ ሰጧት፣ ቁርስ መብላቷን ጠየቋት፣ ከዚያ ምንም ሳይሉ በርበሬ መቀንጠስ ጀመሩ። እኔንም በዓይናቸው አስቀመጡኝ። ስንቀነጥስ ቆየን። እኔ ሞኙ በዚያው እጄ ዓይኔን አሸሁት፤ ዓለም ዞረብኝ። ዝናሽ ሳቀችብኝ።

«ዓይንዎን አይንኩ እንጂ!» አለች። ስትስቅ ስትስቅ እሷም እንባዋ መጣ። ወዲያው በክንዷ ጠረገችውና «በርበሬ ነው» አለች።

«የእኔም በርበሬ ነው» አሉ ወይዘሮ ይታይሽ። ቀና ብዬ ሳይ እውነትም ያለቅሳሉ። እጃቸው ግን መቀንጠሱን አላቆመም።

ጥቂት ቆይቶ የልጅቱ እጅ ቆመ። «የተኛ ሰው መቼ ነው የሚነቃ?» አለች።

እኔ አፌን ከፈትኩ። ወይዘሮ ይታይሽ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና ዘወር ብለው አያቷን አዩ። ሽማግሌው ይህን ሰዓት እየጠበቁ ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ወይዘሮ ይታይሽ አስቀድመው ሄደው አነጋግረዋቸው ነበር ለካ። ቀስ ብለው መጡ፣ አጠገቧ ተቀመጡ፣ በመጀመሪያ በአዊኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ ነገሯት። «አባትሽ አልተኛም፤ ሞቷል። አይነሣም። እኔ ግን አለሁ፤ ከእኔ ጋር ነሽ።» ልጅቱ ጮኸች። ሽማግሌው አቀፏት፣ አብረው አለቀሱ፣ «ዝም በይ» ያላት ሰው አልነበረም። እኛ ስንወጣ በአያቷ ጭን ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

መንገድ ላይ ወይዘሮ ይታይሽ የሥራውን ሕግ በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። መርዶ ነጋሪው ልጁን የሚያሳድገው ሰው ነው፤ እኛ ለዚያ ሰው ጉልበት ልንሆነው ነው የምንሄደው። ጠዋት ነው፤ በልቶ ነው፤ የራበው ልጅ የሚሰማው ረሃቡን ነውና። ልጁ የሚሠራውን አብሮ መሥራት ነው፤ እጁ የቆመ ጊዜ ጥያቄው መጥቷል። «ተኛ» የለም፣ «ሄደ» የለም፣ «እግዜር ወደደውና ወሰደው» ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፤ ልጁ ነገ እኔንም ይወድደኝ ይሆን ብሎ ይሰጋል። «ሞተ» ነው የሚባለው። «ቃሉ ይከብዳል» አልኳቸው። «ይከብዳል። ለዚህ ነው አንድ ሰው ብቻውን የማይሸከመው» አሉኝና የሚከተለንን ውሻ በጃንጥላቸው መለሱት።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ጎናቸው ሄድኩ። ስንት ነገር አየሁ! ወንድ ልጅን «አይዞህ፣ ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ» የሚል ዘመድ ካገኙ አይምሩትም። አንድ የተከበሩ ሽማግሌን «ሱሪው ገና ወገቡ ላይ አልቆመለት፣ አባወራ ትሉታላችሁ? እስቲ እርስዎ በሬውን ጠምደው ይረሱለት!» ሲሏቸው እኔ በኀፍረት መሬት መሬቱን አየሁ። ሽማግሌው ግን በዚያው ዓመት የልጁን ማሳ አረሱለት። ልጆችን ከልቅሶ ቤት ወደ ጎረቤት ማሸሽንም አይወዱም ነበር። ሥራ ስጡት ይላሉ። በአርባው ተዝካር ላይ ንፍሮውን በሣህን እያፈሰ ለሰው የሚሰጠው ልጁ እንዲሆን ያደርጋሉ። መጀመሪያ ካህናቱም ቤተሰቡም ግር ይላቸዋል። ኋላ ግን ሰው ሁሉ ከዚያ ትንሽ እጅ ንፍሮ ሲቀበል «የእናትህን ነፍስ ይማር» ይለዋል፤ ልጁም አንገቱን ቀና አድርጎ «አሜን» ይላል። ያን ያየ ሰው ልጅ ምንም አይገባውም አይልም።

ያልሆነልንም አለ። የሀብታሙን ነገር ሳልናገር ባልፍ ወይዘሮ ይታይሽ ከመቃብር ይቆጡኛል።

ሀብታሙ ከጅጋ በእግር የሚደረስ ቀበሌ ልጅ ነው። እናቱን ገና በጨቅላነቱ ነው ያጣት። አባቱ ለቀን ሥራ ሩቅ አገር ሄዶ እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ልጁ አጎቱ ቤት ነበር። እንደ ልማዳችን አጎትየውን አነጋገርነው፣ ምን ብሎ እንደሚነግረው ደጋግመን አወራን፤ «እሽ፣ በእግዜር ስም እነግረዋለሁ» አለን። የጨዋ ሰው ቃል ነበርና አመንነው። እኛ ዘወር ስንል ግን አንጀቱ አልችል አለና «አባትህ ጢስ ዓባይ መብራት ኃይል ጋ ሥራ ይዟል» አለው። ልጁ ደስ አለው። ጥቂት ሰንብቶ በአንድ እህል በጫነ መኪና ተለማምጦ መራዊ ገባ፣ ከዚያም እየጠየቀ ጢስ ዓባይ ደረሰ። ስንሰማ ሁለታችንም በረርን። ከተማው ውስጥ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ የአባቱን ስም ሲጠይቅ፣ አንዲት ሻይ ቤት ያላት ሴት አዝና አብልታ አሳድራው ነበር። ሰው ፏፏቴውን ሊያይ ከስንት አገር ይመጣል፤ እኔ ያን ዕለት ከጎኑ ቆሜ አላየሁትም።

ሀብታሙ አላለቀሰም። የሻይ ቤቷ ሴት እውነቱን ነግራው ነበር፤ ማለትም እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም ብላዋለች፤ የቀረውን ራሱ አሰበው። ወይዘሮ ይታይሽን ቀና ብሎ አያቸውና፣

«ቀበሌው ሁሉ ያውቅ ነበር?» አለ።

«አዎ፣ ልጄ።»

«እርስዎም?»

«እኔም።»

ከዚያ በኋላ አልጠየቀም። አጎቱ ቤት መለስነው፤ ደጋግመን ሄድን፤ አጎትየው እግሩ ላይ ወድቆ እስከ ማልቀስ ደረሰ። ልጁ ግን የሰው ቃል ማመን ትቶ ነበር። ዝናብ መጣ ቢሉት እንኳ ወጥቶ ሰማዩን ያያል። ፂም ሳያበቅል መራዊ ሄዶ ቀረ። ዛሬ ጎልማሳ ነው፣ ጋሪ አለው፤ ሲያየኝ ሰላም ይለኛል፣ ከዚያ ያለፈ አያወራኝም። አሁንም ድረስ ያመኛል።

እኔ አጎትየውን መራገም ስጀምር ወይዘሮ ይታይሽ አስቆሙኝ። «ተወው። እኛ ንገረው አልነው እንጂ፣ ከነገርከው በኋላ ልጁ ከማን ጋር ይኖራል ብለን አልጠየቅነውም። የስድስት ልጆች አባት ነው። እውነቱን ቢናገር ልጁ ቀጥሎ ‹ታዲያ እኔስ?› ይለዋል። የፈራው መርዶውን አይደለም፤ እሷን ጥያቄ ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንም ቤት ስንገባ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ ሆነ። ጥፋትን እንዲህ አድርጎ ወደ ሥራ የሚመልስ ሰው እኔ ሌላ አላየሁም።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ክፍሉ ለእኔ ቀረ። ፍኖተ ሰላም ቤታቸው እየሄድኩ አማክራቸው ነበር። ምክሩ ሲበዛ ስድብም አለበት። በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ዓመታት መንገዱ አንድ ቀን ክፍት ሌላ ቀን ዝግ ሆነ፣ የልጆችም ኀዘን በዛ፤ ስንቱን ቤት ሳልደርስበት ቀረሁ። «የደረስክበትን በደንብ ሥራ» ይሉኛል። ጎናቸው ሁልጊዜ ቤዛ አለች። ቤዛ የሟች ልጃቸው ልጅ ናት፤ እናቷን ፈጽሞ አታስታውሳትም፤ አባቷ ደጃቸውን ረግጦ አያውቅም። ሰባት ዓመቷ ነው። ንፁሕ፣ ቁምነገረኛ፣ ሰውን ትክ ብላ የምታይ ልጅ ናት።

ባለፈው ዓመት በጥር ወይዘሮ ይታይሽ ታመሙ፣ ባሕር ዳር ወሰዷቸው፣ እዚያው አረፉ። የተቀበሩት ቡሬ አጠገብ በትውልድ ደብራቸው ነው፤ ድንኳኑም እዚያው ተጣለ። አገሩ ወጥቶ አለቀሰላቸው። ድሮ ከጎናቸው ሆነው ያለቀሱ ልጆች፣ ዛሬ እናትና አባት የሆኑ፣ ከየቀበሌው መጥተው ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ቤዛን ፈለገ፤ አጣኋት። ልጃቸውን ጌትነትን ጠየቅኩት። ጌትነት መራዊ እህል ነጋዴ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ልቡ ቡቡ።

«ልጅቱማ አታውቅም፣ ጋሼ» አለኝ። «ፍኖተ ሰላም ጎረቤት ጋ ናት። እምየ ጠበል ሄዳለች ብለናታል። በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ እርስዎም ዝም ይበሉ።»

የይታይሽ ልጅ! ጆሮዬን አላመንኩም። ግን በቀብር ቀን ከኀዘንተኛ ጋር አይሟገቱም፤ ዝም አልኩ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚሉት ተረት ትዝ አለኝና ልቤ ተቆረጠ። አገር ሁሉ አልቅሶ፣ የቤቷ ልጅ ብቻ ሳትሰማ።

መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ፍኖተ ሰላም ቤታቸው የሄድኩት ሰንበትበት ብዬ ነው። የወይዘሮ ይታይሽ ታናሽ ልጅ ትብለጥ፣ ባሕር ዳር አስተማሪ የሆነችው፣ ፈቃድ ወስዳ ከቤዛ ጋር ተቀምጣለች። ያየሁትን ልንገራችሁ። ጎረቤት ቤት ግድግዳ ላይ የትብለጥ ጥቁር ቀሚስ ተሰቅሏል። ለልቅሶ ስትወጣ እዚያ ገብታ ጥቁሩን ትለብሳለች፤ ስትመለስ እዚያው አውልቃ፣ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ፣ ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ ሸፍና ወደ ልጅቱ ትገባለች። ለቅሶ ደራሽ ከመጣ ጎረቤቶች ከመንገድ ይመልሱታል። ሰፈሩ በሙሉ ለአንዲት ልጅ ብሎ ትንፋሹን ይዟል። ደግነታቸው ያስለቅሳል፤ ጥፋታቸውም እዚያው ደግነታቸው ውስጥ ነው።

ቤዛ ግቢው ውስጥ በቆርኪ ትጫወት ነበር። ትብለጥ ሰላም ብላኝ ወዲያው «እስቲ ፀጉሯን ይዩልኝ፣ ጋሽ እንየው» አለች። «ሹሩባዋን ማን እንደፈታው አላውቅም፤ ልሥራሽ ብላት አላስነካ አለች። እምየ ስትመጣ ትቆጣሻለች ብላትም አልሰማ አለች።»

አየሁት። ልጅ ተጫውቶ ያበላሸው ፀጉር አልነበረም። አንድ በአንድ ተፈትቶ፣ ተበጥሮ፣ በትከሻዋ ወርዷል። እኛ አገር የቅርብ ሰው የሞተባት ሴት ሹሩባዋን ትፈታለች፤ የባሰባት ትቆርጠዋለች። ትብለጥ ሻሿን ለምን እንደማታወልቅ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። የልጅቱን ፀጉር ግን ማንም በዚያ ዓይን አላየውም። የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ ይባላል። ይኸኛው ብስሉ ነበር።

ትብለጥ ወደ ማድቤት ስትገባ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ቆርኪ መደርደር ጀመርኩ። ቤዛ ጨዋታውን አስተማረችኝ። ብዙ ጊዜ አሸነፈችኝ። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ጋሽ እንየው፣ ለአክስቴ እንዳይነግሯት» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ምኑን?»

«እንደማውቅ።»

«ለምን አልነግራት?»

«ካወቅኩ ይሄዳሉ።» ቆርኪዎቹን በአንድ እጇ ሰበሰበች። «አጎቴ ሲናገር ሰምቻለሁ። ‹ከተነገራት በኋላ ምን እናደርጋለን፣ እኔ መራዊ፣ አንቺ ባሕር ዳር› ሲላት። እስኪነገረኝ ድረስ ግን አክስቴ እዚህ ናት።»

የሰባት ዓመት ልጅ! አክስቷን እንዳታጣ ብላ አያቷን ሳታለቅስ የምትኖር። ዝም ማለት እንዲያ ከብዶኝ አያውቅም። «አልነግራትም» አልኳት፤ ቃል ገባሁላት። ወጥቼ አጥር ጥግ ቆሜ አለቀስኩ፣ እንደ ልጅ።

በማግሥቱ ጌትነት ከመራዊ መጣ። ሁለቱን ጥቁሩ ቀሚስ የተሰቀለበት ጎረቤት ቤት አስቀመጥኳቸው። የቤዛን ምሥጢር አላወጣሁም። «መርዶውን ተዉት» አልኳቸው። «መጀመሪያ ልጅቱ ከማን ጋር እንደምትኖር ንገሩኝ።»

ጌትነት አራት ልጆቹን፣ ጠባቡን ቤቱን፣ የታመመች ሚስቱን አነሣ። ትብለጥ የተከራየቻትን አንዲት ክፍል አነሣች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ቀጥሎ ጌትነት «ገጠር ቡሬ ዘመድ አለን፤ እስክትለምድ እዚያ ብትሆንስ?» አለ።

እዚህ ላይ ነገር ተበላሸብኝ። «እናታችሁ በየሰው ቤት ዞረው ይህችን ጥያቄ ሲጠይቁ ኖሩ!» ብዬ ጮኽኩ። «ዛሬ በራሳቸው ቤት የሚመልሳት ይጥፋ?»

ጌትነት ተቆጥቶ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ እኔ አልተናገርኩም፤ ወይዘሮ ይታይሽ እንዳስተማሩኝ ጎናቸው ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ትብለጥ ሻሿን አወለቀች። ፀጉሯ ከሥሩ ተቆርጧል። «እኔ ልጅ ማሳደግ አላውቅም» አለች። «እማ እንኳ ‹አንቺ ዶሮ አታሳድጊም› ትለኝ ነበር። ግን ዝውውር እጠይቃለሁ። እዚሁ ቤት፣ እማ ቤት፣ ከእሷ ጋር እኖራለሁ።» ጌትነት እጇን ይዞ ሳመ። «ዱቄትሽ ከእኔ ነው፣ እንጨትሽም ከእኔ ነው፣ በየሳምንቱ እመጣለሁ» እያለ በዚያ ትልቅ ድምፁ ተንሰቀሰቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤዛ ቁርሷን ከበላች በኋላ ትብለጥ በግቢው በር ገባች። ጥቁሩን ቀሚስ ለብሳ፣ ራሷን ሳትሸፍን። ቤዛ ቆርኪዋን እንደያዘች ቀና ብላ አየቻት። መጀመሪያ ጥቁሩን፣ ቀጥላ የተቆረጠውን ፀጉር፣ ቀጥላ እኔን። ነገሯት ወይ ማለቷ ነው፤ ራሴን ነቀነቅኩ፣ አልነገርኳትም። ትብለጥ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ቤዛ፣ እምየ ሞታለች» አለች። «ጠበል ሄዳለች ያልንሽ ውሸት ነው። ከእንግዲህ አልዋሽሽም። እኔ የትም አልሄድም፤ እዚሁ ካንቺ ጋር ነኝ።»

ልጅቱ ቆርኪዎቿን መሬት ላይ አስቀመጠች። ከዚያ «ትምህርት ቤትሽስ?» አለች።

«እዚህ አስተምራለሁ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ቤዛ እጇን ዘረጋችና የአክስቷን የተቆረጠ ፀጉር ዳበሰችው። «እኔም ፈትቼዋለሁ» አለች።

ትብለጥ ያን ጊዜ ነው የገባት። እንዲያ ያለ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ልጅቱ ስንት ቀን ያፈነችውን አወጣችው፤ ከአጥር ውጭ ቆመው የነበሩ ጎረቤቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮኹ ገቡ፤ ጌትነት ምሰሶ ይዞ «እማ! እማ!» ይላል። የይታይሽ ቤት እውነተኛው ልቅሶ ያን ዕለት ሆነ። ቤዛ አክስቷ ጭን ላይ ሆና ጭራሽ ያልጠረጠርኩትን ጠየቀች፤ እምየ የሞተችው አንድ ጊዜ ውኃ አምጪልኝ ስትላት ሳትሰማ በመቅረቷ እንደሆነ። ትብለጥ እንባዋን እያበሰች «በዚያ አይደለም፤ ልቧን ታመመች፤ ያንቺ ውኃ አይገድልም፣ አያድንምም ነበር» አለቻት። ማንም አላስጠናትም። የእናቷ ልጅ ናት፤ ልጅ ማሳደግ አላውቅም የምትለው ሴት ከእኔ የተሻለ መለሰች።

በአርባው ቡሬ ወረድን። ንፍሮውን ያፈሰችው ቤዛ ናት፤ ፀጉሯን በትከሻዋ ለቅቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ። «የእምየን ነፍስ ይማር» ሲሏት «አሜን» ትላለች። ለእኔ ስትሰጠኝ ሣህኑን ሞልታ ሰጠችኝ።

ከአርባው በኋላ ባለው ሳምንት፣ ጠዋት፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ቤዛና ትብለጥ ወደ ትምህርት ቤት እየሄዱ ነው። የቤዛ ሹሩባ ተሠርቷል። ግን ምን ዓይነት አሠራር ነው! አንዱ መስመር ወደ ጆሮ፣ ሌላው ወደ ማጅራት፣ መሐሉ እንደ ገበሬ መንገድ ይዞራል። ትብለጥ አፍራ ፊቷን አዞረች። ቤዛ ግን ራሷን ዘንበል አድርጋ አሳየችኝ።

«አክስቴ ናት የሠራችው» አለች። «ጠማማ ነው፣ አይደል?»

«ትንሽ» አልኩ።

«ትንሽ አይደለም፣ በጣም ነው። ክፍል ውስጥ ይስቁብኛል።» ከዚያ በሁለት እጇ ሹሩባዋን ያዝ አደረገችው፣ ማንም እንዳይነካባት። «ግን አይፈታም።»